ሙን የደረሰኝ ዓመት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ደወለና፣ «አክስቴ፣ የአያቴ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ከዕቃው የምትፈልጊው ካለ ነገ ዛሬ ሳትይ መጥተሽ ውሰጂ» አለኝ። ከዘራዬን ይዤ በአራዳ በኩል ቁልቁል ስወርድ፣ ድሮ የዓረቡ ሱቅ በነበረበት ጥግ አዲስ የተሰቀለ ሰሌዳ አየሁ፤ «ሙን ላይት የሴቶች የውበት ሳሎን» ይላል። ከጽሑፉ ሥር ግማሽ ጨረቃ ተስላለች፣ ከጨረቃዋ ላይ ደግሞ የሴት ፀጉር ተንዠርግጓል። ቆሜ ቀረሁ። በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ደንበኛ የመጣላት መስሏት ብድግ አለች። «ይግቡ እማማ፣ ፀጉርዎን እንሥራልዎት?» «ልጄ፣ ሙን ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት። «ስም ነዋ እማማ። የሳሎኑ ስም» አለችኝ። እሷ ምን ታድርግ! እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ያ ቃል በተነሳ ቁጥር ምላሴ ይያዝ ነበር። ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር ሌላ ብዙ ነገር አብሮ ይመጣብኛል፤ እንሶስላ የሞቀ እጅ ይመጣብኛል፣ ሁለት ጭነት ድርቆሽ ይመጣብኛል፣ ሰው ፊት አንገቱን የደፋ አባቴ ይመጣብኛል። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፣ ንጉሡ በዙፋናቸው ናቸው፣ ጎንደር ውስጥ ማኪና ሲያልፍ ልጅ ሁሉ ይሮጣል፤ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ደብተር ስሙኒ እንደነበረ ግን እንደ ስሜ አውቃለሁ፤ ከዚያ ከዓረቡ ሱቅ ነው የምንገዛው፣ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለው። ቦርሳዬን እማየ ከአሮጌ የጣሊያን ሸራ ሰፍታልኝ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ከነበርነው ሴቶቹ አምስት ብንሆን ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ህንዳዊ፣ ሱሪው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ፣ ጥቁር ጃንጥላው በበጋም ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ ስሙን ለመጥራት ስለከበደን ሁላችንም «ሚስተር» ብቻ እንለዋለን። ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ» እና «ነገ» ብቻ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቃላት ግን ገበያም ይገበያል፣ ከአከራዩም ጋር ይከራከራል። አንድ ቀን ኮፍያውን አውልቆ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ጨመረበትና ዕጣ አስወጣን። በየወረቀቱ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል። ለአንዱ «እጅ» ደረሰው፣ ለአንዱ «ወንዝ»፣ ለእኔ «ሙን»፣ ጨረቃ ማለት ነው። «ቃላችሁን ዓመቱን ሙሉ አሳድጉ» አለን። እንግሊዞች ምን ምን ሲሉ እንደሚጠሩት ከመዝገበ ቃላት እየለቀምን እንጽፋለን፤ ያም ሳይበቃ፣ የእኔ ቃል ሰማይ ላይ ያለች ስለሆነች በየምሽቱ አይቻት መልኳን ከነቀኑ እንድስል አዘዘኝ።

የቃሉ ነገር ገና ከጅምሩ አናቴን አዞረው። አዲሷ ጨረቃ፣ ግማሿ፣ ሙሉዋ፤ እስከዚህ ደህና ነው። ወር የሚለው ቃላቸውም ከጨረቃ የወጣ ነው አለኝ ሚስተር፤ ይህም ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሰው በጣም ሲደሰት «ከጨረቃ በላይ ሆነ» ይላሉ። የማይሆን ነገር የሚመኝን «ጨረቃን ስጡኝ ይላል» ይሉታል። በስንት ጊዜ አንዴ ለሚሆን ነገር «በሰማያዊ ጨረቃ» ይላሉ፤ ምነው ሰማያዊ ሆነች ብዬ ብጠይቅ ሚስተር ጃንጥላውን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ነገ» አለኝ፤ ነገውም ሳይመጣ ቀረ። ፈዞ መዋልን ደግሞ በዚሁ በጨረቃ ስም ይጠሩታል። ከሁሉ የባሰው አዲስ ተጋቢዎች የሚሰነብቱበት ጊዜ «የማር ጨረቃ» መባሉ ነው። እሱን ለእማየ ብነግራት፣ «ጫጉላ ነው በያ! የማሩን ዋጋ ማን ከፈለው?» አለችኝ። እህቴ ጥሩወርቅ ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱ እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። እሷ ለጥር ልትዳር ነበርና የጫጉላ ነገር አያስቃትም።

አባየ መሪጌታ ነበር። በደብሩ ቅጥር ውስጥ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራል፤ ጾምና በዓል የሚወጣበትን የአባቶች አቆጣጠር ማለት ነው፣ የጨረቃዋን ዕድሜ በቁጥር የሚያውቁበት። ዛሬ ሌሊቷ ስንት ናት ቢሉት አፍታ አይቆይም፣ ጣቱን አጠፍ አጠፍ አድርጎ ይናገራል። ቀና ብሎ ግን አያይም፤ ዳፍንት ነበረበትና ከመሸ ዓይኑ አይለይለትም፣ ለማኅሌት ሲሄድ ተማሪ ይመራዋል። ጨረቃን ስንት ዓመት ሳያያት እንደቆየ አላውቅም። ጽሕፈቱ ግን በቀን ነውና እጁ ያማረ ነበር። ሁለት የቀለም ቀንድ አለው፤ ጥቁሩ ለሁሉ ነው፣ ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ብቻ። አንድ ጊዜ ወንድሜ በቀዩ ስሙን ቢጽፍ ሦስት ቀን አላናገረውም። የእኔን ትምህርት ብዙም አይወደውም ነበር። ወርና ጨረቃ በእንግሊዝኛ ዘመድ መሆናቸውን ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «በግዕዙም ወርኅ ማለት ሁለቱም ነው። እኒህ ሰዎችስ ትንሽ ተምረዋል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ፣ «እስቲ አበቡ፣ እንግሊዝ ዛሬ ስለ ጨረቃ ምን አለ?» ይለኝ ጀመር። ስለ ሰማያዊዋ ጨረቃ ስነግረው እሱም እንደ እኔ ግራ ገብቶት አደረ።

የጥሩወርቅ እጮኛ ፈንታሁን የሚባል የሳንጃ ሰው ነው፣ ሰሊጥ አራሽ። ሽማግሌው አጎቱ አያ ተገኘ ሲሆኑ፣ ቀን ለመቁረጥ እኛ ቤት በመጡ ጊዜ እኔ እጅ አስታጥብ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ። «መሪጌታ፣ የእኛን አገር ሙቀት ያውቁታል። በቅሎውም ሰዉም በቀን አይዘልቀውም፤ የምንጓዘው በጨረቃ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ተጉዘን በማግስቱ ጠዋት ደጅዎ እንደርሳለን» አሉ። አባየም «ሸጋ፣ በሞላች ማግስት» አለና መረቀ። ቀኑን በቁጥር የጠራ ሰው የለም። ምን ያደርጋል? ጨረቃ ለሁሉም አንድ ናት። እነሱ ሄዱ፣ አባየ ጣቱን አጥፎ ቆጠረና ለእማየ፣ «ጥር ሃያ ትሞላለች፤ ሃያ አንድ ጠዋት ሰርገኛ ደጃችን ነው» አላት። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሥራ ሁሉ በዚያ ቀን ተቀመረ። ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ ስድስት ጋን መጣ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ ጠላው የሚጠነሰስበት፣ ዳሱ የሚጣልበት ቀን ሁሉ ተቆረጠ። አንዲት ሴት ለመዳር ስንት እጅ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

እኔ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ በየምሽቱ ደጅ ወጥቼ እስላለሁ። የኅዳሯን ሞልታ ሣልኳት፣ የታኅሣሧን ሞልታ ሣልኳት፣ ከዚያ መጪዋን በራሴ ቆጠርኳት፤ ጥር አሥራ ስድስት ላይ ወደቀች። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ፣ በጣትም በጠጠርም ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። ከአባየ ሃያ በአራት ቀን ትቀድማለች። ያን ያህል ቀን አባቴ ሊሳሳት እንደማይችል አውቃለሁ፣ ጨረቃዋም ልትሳሳት አትችልም። ኋላ ሳድግ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንደነገሩኝ ከሆነ የአባቶች ቁጥር የራሱን መንገድ የሚሄድ፣ ለጾምና ለበዓል የተሠራ ነው፤ ዓይን ከሚያየው ጥቂት ቀን ይለያል፣ እነሱም ይህን ያውቁታል፣ እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም። ለመንገደኛ የምታበራውን ጨረቃ በዚያ መቁጠሩ ነው የአባየ ስሕተት። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያስረዳኝ የለም። ደብተሬ ላይ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቦታ ክብ ባዶ ጨረቃ አስቀድሜ ሣልኩና ደነገጥኩ። ሰርገኞቹ ዓይናቸውን አምነው ነው የሚመጡት። ዳስ በሌለበት፣ ጠላ ባልደረሰበት፣ ሙሽራ ባልተሰናዳችበት ቤት ሊመጡ ነው። ተንቀናል ብለው ቢመለሱስ? ደጇ መጥቶ የተመለሰባትን ልጅ ከዚያ ወዲያ ማን ያገባታል?

ለአባየ ልናገር አፌ አልደፈረም፤ መሪጌታን በጨረቃ ቁጥር የምታርም የሰባተኛ ክፍል ሴት የት ታይታ! ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ጓሮ ወስጄ ደብተሩን ዘርግቼ አሳየኋት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ ሥዕሉን ግን ወዲያው ለየችው። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ባዶዋን ክብ በጣቷ ዞረቻት። «አራት ቀን» አለች። «አዎ እትየ፣ አራት ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ለአባየ ንገሪው እንጂ!» ክንዴን ያዘችኝ፣ አያያዟ ያማል። «ለአባየም፣ ለእማየም፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ብትናገሪ እህትሽ አይደለሁም» አለች። ምነው ብላት ትታኝ ገባች። ትዳሩን ልታፈርሰው ነው? ወይስ አባየ እንዳያፍር ነው? ግን ዝም ማለቱ ይብስ የሚያሳፍረው አይደለም ወይ? ሌት ተቀን ባስበው መውጫው ጠፋኝ። እሷ ግን ፈዛ መዋል ጀመረች፤ እንግሊዞቹ በጨረቃ ስም የሚጠሩትን መፍዘዝ ምን እንደሆነ ከእህቴ ፊት ላይ አየሁት።

በዚያው ሰሞን ደብተሬ ጠፋ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ጠዋት ባየው የለም። በመንገድ ጥዬው ነው ብዬ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ያላገላበጥኩት ድንጋይ አልቀረኝም። ሚስተር «ነገ» አለኝ፤ ነገም ይዤ ባልመጣ ጊዜ ከኅዳር ጀምሮ የለፋሁበትን ዜሮ ሰጠኝ። በሰማያዊ ጨረቃ አንዴ የሚለቀሰውን ለቅሶ አለቀስኩ። ሌላም ትዝ የሚለኝ ነገር አለ። አባየ ጥር አሥራ አምስት ቀን ተማሪዎቹን ልኮ ሁለት የአህያ ጭነት ድርቆሽ አስመጣ። «ለማን ነው ይህ ሁሉ ሣር? ምነው ከአሁኑ?» ብላ እማየ ተቆጣች። «ይቀመጥ፣ አይበሰብስም» አላት። በማግስቱም እማየ ደጅ ቆማ፣ «መሪጌታ፣ ጨረቃዋ ፊቷ ሞላ ሞላ አለሳ!» ስትለው፣ «በባሕረ ሐሳብ ገና አሥራ አንድ ናት» ብሎ ተኛ። እማየም መሪጌታ ያውቃል ብላ ተኛች።

ጥር አሥራ ሰባት ጠዋት እማየ ጋን እያጠበች፣ እኔ ትምህርት ቀርቼ ውኃ እያቀረብኩ ሳለ ከታች መታጠፊያው ዘንድ ሆታ ተሰማ። ሃያ የሚያህሉ ሰዎች፣ አቧራ የለበሱ በቅሎዎች፣ ከፊት ሙሽራው ካባውን ደርቦ። እማየ ጋኑን ይዛ ቁጭ አለች። አያ ተገኘ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ዙሪያውን አዩ። «ምነው፣ ዳሱ የት አለ? ምነው፣ ሰው ሞቶ ነው?» አንድ ሽንጠ ረጅም ሚዜ፣ «ተንቀናል! መልሱ በቅሎውን!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ አባየ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ያን ቀን ተራ ቀን ነበር፣ እሱ ግን አዲሱን ኩታውን ለብሷል። በሰው ሁሉ ፊት አንገቱን ደፋና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐሳቤ ተሳስቷል፤ በአራት ቀን አሳስቻለሁ» አለ። በሕይወቱ ተሳሳትኩ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ያኔ ፈንታሁን ከበቅሎው ወረደና ካባውን አውልቆ ለሚዜው ሰጠው። «አያ ተገኘ፣ ጨረቃ ሁለት ከሆነች ሁለተኛዋን መጠበቅ ነዋ። ምሳሩን አምጡልኝ፣ ዳሱን እኔ እጥላለሁ» አለ። በቅሎዎቹም ድርቆሹ ላይ ዋሉ።

ያን አራት ቀን እንዴት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏን የምታየው ከተዳረች በኋላ ነው፤ ስንቷ ሴት በሻሽ ተሸፍና አብራው የሄደችውን ሰው ፊት በማግስቱ ነው የለየችው። ፈንታሁን ግን አራት ቀን ሙሉ ደጃችን ላይ በቀን ብርሃን ነበር። ጉድጓድ ቆፈረ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተሳሳቀ፣ ምሰሶ እግሩ ላይ ሲወድቅበት ተቆጣና በራሱ ቁጣ ሳቀ። እማየ ልጅቱን ጓዳ ብትከታትም የሥራው ብዛት አያስቀምጥም፤ ጥሩወርቅ ትወጣለች፣ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠየቃት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ቅሉን ስታቀብለው እጇን አየ፤ እስከ አንጓዋ በእንሶስላ ቀልቷል። ሙሽራ እንሶስላ የምትሞቀው ሰርጓ ሲደርስ ነው፤ ይህ ግን የቆየ ቀለም ነው፣ እነሱ ሳይመጡ በፊት የተሞቀ። እማየ በሥራ ጥድፊያ አላየችውም ነበር። «የእኔ እመቤት፣ ቤቱ ሁሉ ሳያውቅ አንቺ መምጣታችንን ማን ነገረሽ?» አላት። «ጨረቃዋ» አለችው፣ ዓይኑን እያየችው። ሳቀ። ውኃው ጺሙ ላይ ፈሰሰ። እሷም ሳቀች፤ እህቴን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሰርጉም በአባየ ጨረቃ፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን ሆነ። ጠላው ደርሶ ነበር፣ አንድ ጋን ብቻ ተሰንጥቆ ፈሰሰ። አዝማሪው ግን መቼ ይምራል፤ ማሲንቆውን ወደ አባየ አዙሮ፣

«ጨረቃዋን አማቱ ቢያቆያት ከሰማይ፣
ሙሽራው መጣና ሆነ እንጨት ፈላጭ ወይ!»

አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባየም ፈገግ ብሎ ሸለመው። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ ከጀርባው «መሪጌታ ዘገየች» ይሉት ጀመር፤ ቁጥር ሲጠየቅ ጠያቂው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስተማሩን ተወ፣ ዓይኔ ደከመ ብሎ። ዓይኑ መድከሙ እውነት ነው። እኔ ግን ያደከምኩት እኔ ነኝ እያልኩ ኖርኩ። አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሳቅ አይሳቅበትም ነበር። ሲሞት እግሩ ሥር ተቀምጬ ልነግረው ነበር፣ አልነገርኩትም።

ጥሩወርቅን የጠየቅኋት ሁለታችንም ሸበት ካልን በኋላ ነው፣ ሳንጃ ቤቷ ሄጄ። «ምነው ዝም አስባልሽኝ?» አልኳት። ሰሊጥ እያንጓለለች ነበር። «ላየው ፈልጌ ነዋ። አራት ቀን። ካልጣመኝ ዳሱ መሐል ቆሜ እምቢ ልል ነበር፤ ቆርጬ ነበር። ወደድኩት፣ ይኸው» አለች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጠች። «አባየን ግን ሸጥነው አበቡ። እኔ ለአራት ቀን የአባቴን ስም ሸጥኩ። ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሁ፣ አይለቀኝም።» ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አንስተን አናውቅም። እሷ ደስ ብሏት የኖረች ሴት ናት፣ ፈንታሁንም እስኪሞት ድረስ ሸጋ ባል ነበር። ደስታና ጸጸት አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ አይገባኝም፤ ምናልባት እንግሊዞቹ ለዚህም በጨረቃ የሚሉት ነገር ይኖራቸው ይሆናል።

እናም ባለፈው ሳምንት ከሳሎኗ ልጅ ተሰናብቼ አሮጌው ቤት ደረስኩ። የወንድሜ ልጅ ከግድግዳው ድፍን መስኮት ውስጥ ያገኘውን የአባየን ማኅደር አቀበለኝ፣ መጻሕፍቱን የሚይዝበትን የቆዳ ከረጢት። አቧራውን አራግፌ ብከፍተው፣ ከብራና ዳዊቱ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ወጣ። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለ። ደብተሬ ነው። አባየ እንግሊዝኛውን አያውቀውም፤ ሥዕሉንና ከሥሩ ያለውን የአማርኛ ቀን ግን በደንብ ያነበዋል። ከእያንዳንዷ ጨረቃዬ ጎን በዚያ ባማረ እጁ፣ በጥቁር፣ በግዕዝ ቁጥር የራሱን ቆጠራ አስፍሯል። የሰማይዋ አሥር፣ የእሱ ስድስት። የሰማይዋ አሥራ አራት፣ የእሱ አሥር። ያላያትን ጨረቃ በእኔ እርሳስ ሲያያት ነበር። እስከ ጥር አሥራ አራት ድረስ ሁሉንም አመሳክሯል። ከዚያ ቀጥሎ እኔ አስቀድሜ የሣልኳት ባዶዋ ክብ አለች፣ የጥር አሥራ ስድስቷ። እሷ መሐል ቁጥር የለም። አንድ ቃል ብቻ አለ።

ፍርስራሹ መሐል ቆሜ ወደ ሳንጃ ደወልኩ። ጥሩወርቅ ጆሮዋ ከብዷል፣ ልጇ ስልኩን ያዘላት። ደብተሩን፣ ቁጥሮቹን፣ ክቧን ሁሉ እየጮኽኩ ነገርኳት። ድርቆሹን አስታወስኳት፣ ያን ቀን የለበሰውን አዲሱን ኩታ አስታወስኳት። «እያወቀ ነው ጥፋቱን የወሰደው እትየ፤ የቀላ እጅሽንም ሳያይ አልቀረም» አልኳት።

«ክቧ ውስጥ ምን ይላል?» አለች።

«‹ይምጡ› ይላል።»

«በጥቁሩ ነው በቀዩ?»

«በቀዩ» አልኳት።